አክስቴ ወደ ደብተሯ ተመለሰች

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

ሰላም ለእርስዎ። ዕድሜዬ 27 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ የተማርኩትም የምሠራውም ኮምቦልቻ። ቀን ቀን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የአይቲ ክፍል ተቀጣሪ ነኝ፤ ማታ ማታ የራሴን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ኮድ ላይ ክፉ አይደለሁም። ዳታቤዝም ሰርቨርም አያስፈራኝም።

አክስቴ ደሴ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር አላት። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ ቱቦ ትሸጣለች። ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። ውለታዋን ልመልስ ብዬ 4 ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁላት። ስጨርስ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ሄድኩና ኮምፒውተሯ ላይ ጫንኩላት። 2 ሰዓት ቁጭ ብዬ አስተማርኳት። «አብሽር ልጄ፣ ማሻአላህ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር «እየሠራሁበት ነው» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሳልነግራት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ላዩ ላይ ዳንቴል ተደርጎበታል። አክስቴ አሮጌውን የዱቤ ደብተር ይዛ ትጽፋለች። ስታየኝ ደብተሩን ቶሎ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሁለታችንም ምንም እንዳላየ ሆንን። ሻይ ጠጥተን ተለያየን። እኔ ግን ኮምቦልቻ እስክደርስ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ፕሮግራሙ ስህተት የለበትም፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳየው ግን ሳቀና «ይኼ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደህ የዩአይ (ሰው ስክሪን ላይ የሚያየውና የሚጫነው ገጽ) ዲዛይን ኮርስ ካልወሰድክ አይሆንልህም ይላል። የኮርሱ ዋጋ የ3 ወር ደሞዜ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል የሚባል ነገር አልችልም። ለመሆኑ ዲዛይን ተሰጥኦ ነው ወይስ ይለመዳል? ኮርሱን ልግባ? ወይስ ለሚችል ሰው ሰጥቼ ኮዴ ላይ ልቅር? አክስቴንስ ምን ልበላት? የስክሪኑን 2 ፎቶዎች አብሬ ልኬያለሁ።

ግራ የገባው፣ ከኮምቦልቻ

---

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ቆም ያልኩት ዳንቴሉ ላይ ነው። አክስትህ ኮምፒውተሩን ጓዳ አልከተቱትም፤ ለሰውም አልሰጡትም። አልብሰውታል። የሳሎን ቴሌቪዥን እንደሚለብሰው፣ በክብር። ይኼን ያደረጉት ለኮምፒውተሩ ብለው ሳይሆን ለአንተ ብለው ይመስለኛል።

ቢሆንም ያማል። አውቃለሁ። ለምትወዳት ሰው የለፋህበት ነገር ነው፤ «አልሆነም» የሚል ሰው እንኳ የለም፣ ዝም ብሎ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እኔ ብሆን ከሻይው በፊት ነበር የምወጣው።

አንዱን ጥያቄህን ቶሎ ልመልስልህና ወደ ዋናው ልግባ። ይለመዳል። የሥዕሉን ነገር እርሳው። እኔ ዶሮ ስስል ጀበና ይመስላል፤ ግን ብዙ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ከዚሁ ሥራ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚያን 2 ሰዓታት ስታስተምራቸው ማውሱን የያዘው ማን ነበር? አንተ ከነበርክ አክስትህ አልተማሩም፤ ያንተን ፍጥነት ነው ያዩት። ሌላም ልጠይቅህ። ያንን የዱቤ ደብተር ገልጠህ አይተኸው ታውቃለህ? ሒሳቡን ማለቴ አይደለም። አጻጻፉን፣ አሰላለፉን፣ ምን የት እንደሚቀመጥ ማለቴ ነው።

የአክስትህን ደብተር አላየሁም። የደሴን የዱቤ ደብተር ግን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሸዋበር ሱቅ ነበራቸው። እዚያ ደብተር ላይ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚባል ነገር የለም። «ሰይድ ግንበኛው» አለ። «ሰይድ ባለ ባጃጁ» አለ። «የሮቢቱ ሰይድ» አለ። አንዳንዱ ጋ ስም ጭራሽ የለም፤ «የአበባ ባል» ብቻ ነው። አባቴ አንዱን ከአንዱ ተሳስተው አያውቁም።

የላክኸውን ፎቶ ደግሞ ልይልህ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ ስልክ ቁጥር ይላል፤ ሦስቱም ጎን ቀይ ኮከብ አለ፤ ካልተሞላ አያልፍም ማለት ነው። እስቲ ራስህን እዚያ ባንኮኒ ጀርባ አስቀምጠው። ሰውየው 3 ኪሎ ሚስማር ተሸክሞ በር ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ሰው አለ፤ ውጭ ጋሪው እየጠበቀው ነው። አክስትህ ለ15 ዓመት የሚያውቁትን ሰው «ሰይድ፣ የቤተሰብ ስምህ ማነው?» ብለው ይጠይቁት? እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገርም የለን፤ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ያቺን ሣጥን አንተ አይደለህም የፈጠርካት። ከሌላ አገር ቅጽ ተገልብጣ መጥታ አንተ ጋ ደርሳ ነው።

ቀኑን ተመልከት። 22/10/2025 ይላል። ደብተሩ ላይ ጥቅምት 12 ነው የሚባለው። ሰዓቱ 14:30 ይላል፤ እሳቸው ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ዱቤ ደግሞ ከቀን ጋር የተቆራኘ ነገር ነው፤ «ለመስቀል እከፍላለሁ»፣ «ለአረፋ እከፍላለሁ» ነው ውሉ። ፕሮግራምህ በተከፈተ ቁጥር አክስትህ በጭንቅላታቸው ቀን ይቀይራሉ፣ 6 ሰዓት ይቀንሳሉ። ያንን ድካም ከአንተ ኮምፒውተር ወደ እሳቸው ጭንቅላት ነው ያዛወርከው። 13ኛ ወር ማስገባት አንተን ግፋ ቢል አንድ ማታ ይፈጅብሃል፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ነው የሚከፍሉት።

ከሁሉም የገረመኝ ሁለተኛው ፎቶ ነው። የዕቃው ዝርዝር ላይ «ምስማር» ብለህ መዝግበሃል። ለእኔ በጻፍከው ደብዳቤ ግን «ሚስማር» ነው ያልከው! አንተ ራስህ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት። አክስትህ መፈለጊያው ላይ «ሚስማር» ብለው ሲጽፉ ምን ይመጣል? «ዕቃው አልተገኘም» ነዋ። መደርደሪያው ሞልቶ እያዩት። ታዲያ ሰው የትኛውን ይመን? ዓይኑን ወይስ ስክሪኑን?

ይኼ አማርኛ ላይ ያለ ችግር ነው፤ ያንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ አሉ፤ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፋቸዋል። እነሱን ከመፈለግህ በፊት ወደ አንድ ፊደል መመለስ ለፕሮግራመር ከባድ አይደለም። ሚስማርና ምስማር ግን በዚያ አይፈታም፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ስም እንዲኖረው መፍቀድ አለብህ። ከዚያም የተሻለ አለ፦ በብዛት የሚሸጡትን 20 ዕቃዎች መጀመሪያ ገጹ ላይ ትልልቅ ቁልፍ አድርጋቸው። ያኔ መጻፍም አይኖርም።

የባልደረባህን ሳቅ እርሳው። እሱ ስለ መልኩ ነው የሳቀው። መልኩ ሁለተኛ ነገር ነው። ዩአይ ማለት ቀለም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አንተም ኮርሱን የፈለግከው ለዚያ ይመስለኛል። ፒያሳ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ላይ እንዲህ ዓይነት በር ሳታይ አትቀርም፦ የሚሳብ እጀታ አለው፤ ከላዩ ግን «ግፉ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ይስባል፤ ከዚያ ያፍራል፤ ከዚያ ይገፋል። ዶን ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ስለዚህ ብዙ ከመናገሩ የተነሳ ዛሬ እንዲህ ያለውን በር «የኖርማን በር» ይሉታል። ጥፋቱ የሳቢው አይደለም፣ የእጀታው ነው። በሩን ወርቅ ብትቀባውም ሰው መሳቡን አይተውም። አንተ ደግሞ ገና ከቀለሙ በፊት እጀታው ላይ ሥራ አለብህ፤ እጀታ ለማስተካከል ሥዕል መቻል አያስፈልግም።

የራሴን ውርደት ልንገርህና ትንሽ ይቅለልህ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጤና ተቋም የካርድ ክፍል ፕሮግራም ሠራሁ። የትውልድ ቀን ግዴታ አደረግኩት፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በራሴ ኮርቼ ነበር። በየወሩ እደውላለሁ፤ «ጥሩ ነው፣ ምንም ችግር የለም» ይሉኛል። ከ6 ወር በኋላ መረጃውን ስከፍተው የከተማው ሰው አብዛኛው ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሆኖ አገኘሁት! ሄጄ ከመስኮቱ ጀርባ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። አንዲት እናት መጡ። ካርድ የምታወጣው ልጅ «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» አለቻቸው። «ልጄ፣ ጣሊያን ሲገባ ታቅፈውኝ ነው የሸሹት» አሉ። ልጅቷ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ እጇ ወደ ጃንዋሪ 1 ሄደ። በማግስቱ «ዕድሜ በግምት» የሚል ሣጥን አስገባሁ።

አየህ፣ 6 ወር ሙሉ «ጥሩ ነው» ተብያለሁ። አንተም «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው» ተብለሃል። አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ስለዚህ ሙያ ሲጽፉ «ተጠቃሚውን አስተያየቱን ጠይቁት» ይላሉ። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። ወሎ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እኔም የዚያው ልጅ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምለው። ለወሎዬ «ቡናው እንዴት ነው?» ብትለው ጨው ጨምረህበት እንኳ «ይጣፍጣል» ይልሃል። ስለዚህ አክስትህን አትጠይቃቸው። እጃቸውን እይ። አፍ ይሉኝታ አለው፤ እጅ የለውም።

እንዴት እንደምታይ ደግሞ ልንገርህ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ አይሆንም፤ ፋታ ያለበትን ቀን ምረጥ። መጀመሪያ «የምፈትነው ሥራዬን ነው፣ አንቺን አይደለም፤ የትም ብትሳሳቺ የእኔ ስህተት ነው» በላት። ከዚያ እውነተኛ ሥራ ስጣት፦ «ሰይድ ግንበኛው 3 ኪሎ ባለ 8 ሚስማርና 2 ቆርቆሮ በዱቤ ወስዷል፤ ግማሹን ከፍሏል፤ መዝግቢው።» ማውሱ እሷ ጋ ይሁን። አንተ እጅህን ጭንህ ሥር አድርገህ ተቀመጥበት። እየቀለድኩ አይደለም፤ ጣትህ ወደ ስክሪኑ መሄዱ አይቀርም። የምታስበውን ጮክ ብላ እንድትናገር ለምናት። «የቱ ጋ ልጫን?» ስትልህ «እኔ ባልኖር የቱ ጋ ትጫኚ ነበር?» ብለህ መልስላት። ከዚያ ዝም። ዝምታው አስጨናቂ ነው፤ ግን ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። የት ቆመች፣ የት ወደ ኋላ ተመለሰች፣ የት ላይ መነጽሯን አወለቀች፤ ጻፈው። ስልክህን ከፈቀደችልህ እጇና ስክሪኑ ላይ ብቻ አነጣጥረህ ቅረጽ።

ከእሳቸው ሌላ 4 ሰው ፈልግ። መደብሩ ውስጥ የሚሠራውን ልጅ፣ ጎረቤት ባለ ሱቅ፣ ማንንም። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል ዴንማርካዊ ባለሙያ 5 ሰው ብቻ ካየህ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፎ ነበር። ቁጥሩ በኋላ ብዙ አከራክሯል፤ እኔም ስለ አሃዙ አልከራከርም። ከልምዴ የማውቀው ግን ሦስተኛው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከል ሌላ ማስረጃ እንደማያስፈልግህ ነው።

የሚቀጥለውን ስሪት ኮድ አድርገህ አትጀምር። የአራት ማዕዘን መስመር መሳል ትችላለህ አይደል? በቃ፣ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣጥን ሣል፣ «መዝግብ» ብለህ ጻፍበት፣ ፊታቸው አስቀምጠው፣ በጣታቸው ይጫኑት። አንተ ኮምፒውተሩን ሆነህ የሚቀጥለውን ወረቀት አቅርብ። ሞኝነት ይመስላል። ግን ወረቀት ላይ ሰው አያፍርም፤ «እዚህ ጋ ቢሆን አይሻልም?» ይልሃል። 4 ወር የተለፋበት ስክሪን ላይ ግን ማን ደፍሮ ይላል? አንተም ብትሆን ወረቀት ቀዶ መጣል አይከብድህም፤ ኮድ መጣል ነው የሚከብድህ።

ደብተሩን ደግሞ ለምናት አብራችሁ ተመልከቱት። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምህ። አክስትህ ሲሳሳቱ ምን ያደርጋሉ? መስመር ይሰርዙበታል። የተሰረዘው ግን ይነበባል። ሰይድ መጥቶ «ይኼን ከፍያለሁ» ቢል ገልጠው ያሳዩታል። ያንተ «ሰርዝ» ቁልፍ ግን ድራሹን ነው የሚያጠፋው፤ ያውም «መዝግብ»ን ተጠግታ ተቀምጣለች። እሳቸው ብሆን እኔም ያንን ቁልፍ እፈራለሁ። ደብተር መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ያንተስ? ሦስት ዕቃ መዝግበው መብራት ቢሄድ የት ይገኛል? «ኢንቫሊድ ኢንፑት» (የገባው ልክ አይደለም) የምትለዋን ቀይ ጽሑፍም አንሳት፤ «ዋጋው አልተጻፈም፤ እዚህ ይጻፉ» በል። እሳቸው ጥፋተኛ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ነው ያልገባው።

ስለ መልኩ ጥቂት ልበል፤ ብዙም የለውም። ግራጫ ላይ ግራጫ ጽፈሃል። በር ላይ ብርሃን ሲገባ አይታይም፤ የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፣ የሚለኩልህ ነፃ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ፊደላችን ዝርዝሩ ብዙ ስለሆነ ከላቲኑ ተለቅ አድርገው፣ በመስመሮቹ መሀልም ቦታ ስጠው። ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የሚባል ስለሌለን ርእሱን በድምቀትና በመጠን ለየው። ወደ ስልክ ካመጣኸው ደግሞ ጉግል ለአንድሮይድ የሚመክረው የቁልፍ መጠን 48 ዲፒ (የስልክ ስክሪን መለኪያ) ነው፤ ወደ 9 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጣት ማለት ነው። ለማስቀመጫ ያደረግካትን የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል ግን አንሳት፤ አክስትህ ፍሎፒ አይተው አያውቁም፤ አንተም ሳታያት ያደግክ ይመስለኛል።

ወደ ኮርሱ እንምጣ። ኮርስ መጥፎ ነው አልልም። ግን የ3 ወር ደሞዝ አሁን አታውጣ። ለ6 ሳምንት ይኼን አንድ መደብር ትምህርት ቤትህ አድርገው፤ እየተመላለስክ እይ፣ ቀይር፣ እንደገና እይ። ከዚያ በኋላ ኮርስ ብትገባ ምን እንደጎደለህ አውቀህ ትገባለህ፤ ፊግማ የሚባለውን የስክሪን መንደፊያ መሣሪያ ለመልመድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ በነፃ ይጀመራል። ዲዛይኑን ለሚችል ሰው ልስጥ ያልከው ለትልቅ ሥራ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ቀን ባለሙያ ቀጥረህ ብትሠራ ደስ ይለኛል። ግን ለአንድ የሚስማር መደብር ማን ዲዛይነር ይቀጥራል? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለው ሥራ ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ኮዱንም እጀታውንም የሚያውቅ ሰው እዚያ አይቦዝንም።

የቀረው አክስትህ ናቸው። ከሁሉም የከበደህ ይኼ መሰለኝ፤ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ነው የጠየቅኸኝ። መልሱ ደብተሩን እንዳየኸው መናገር ነው። ግን «ለምን ዋሸሽኝ?» በሚል ፊት አይደለም። እሑድ ከሰዓት ሂድ፣ ቡና ሲፈላ ጠብቅ፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ «ደብተርሽን አይቻለሁ፤ አልከፋኝም። ከእኔ ፕሮግራም እንደሚሻል ገባኝ፤ እስቲ አስተምሪኝ» በላት። መጀመሪያ ላይ መካዷ አይቀርም። «ኧረ እየሠራሁበት ነው» ትልሃለች። ሳቅ ብቻ። ከዚያ ደብተሩን ራሷ ከመሳቢያው ታወጣዋለች ብዬ አስባለሁ።

ባታወጣውም አታስገድዳት። በሚቀጥለው እሑድም ቡና አለ። እስከዚያው «ምስማር»ን አስተካክል፣ የቤተሰብ ስምን አጥፋ፣ ጥቅምትን አስገባ። እነዚህ ሦስቱ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

ከ6 ሳምንት በኋላ ጻፍልኝ። ዳንቴሉ የት እንደሄደ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ደብተሩ ላይ ስንት ሰይድ እንዳለም።